ለፎቶው ይከፈላል፣ ለድምፁስ?

ደቡብ ኦሞ ውስጥ ሰው ፎቶ ሲነሳ ይከፈለዋል። ሲዘፍንስ? ብዙ ጊዜ ዘፈኑ የፎቶው ምርቃት ነው። ቱሪስቱ ሐመር ሄዶ ኢቫንጋዲ ያያል፣ በስልኩ ይቀርጻል፣ በጅምላ ከፍሎ ይሄዳል። ከመሃል ዜማውን የምታወጣዋ ልጅ ማን ትሁን ማን የሚጠይቅ የለም።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ እዚህ ጂንካ ላይ ይህን ባየሁ ቁጥር ስለ ገበያ አስባለሁ። ያኔ ደግሞ አንድ ስም ይመጣብኛል፦ አስናቀች ወርቁ።

አስኒን የማታውቋት ካላችሁ ዩቲዩብ ላይ ፈልጓት። ሌላው ዓለም የጃዝና የካባሬ ዘፋኝ የሚላት ዓይነት ሴት በእኛ ቋንቋ ማን ናት ብትሉኝ የምጠራው እሷን ነው። ትልቅ ባንድ አያስፈልጋትም፤ ክራሯ ይበቃታል። ድምፅዋ አይጮህም፣ አጠገባችሁ ተቀምጣ የምታወራ ነው የሚመስለው። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር ሲቀባበሉ ደግሞ ነገሩ ግማሹ ዘፈን፣ ግማሹ ቲያትር ይሆናል። ወርቁ የገባው ይስቃል፣ ያልገባው በሰሙ ይደሰታል።

ቲያትር ያልኩት በምክንያት ነው። የሴት ገጸ ባሕርይን ሳይቀር ወንዶች ይጫወቱ በነበረበት ዘመን መድረክ ከደፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት፤ በብሔራዊ ቴአትርም ሠርታለች። አዝማሪ መባል እንደ ስድብ በሚቆጠርበት አገር መድረኩ ሙያ ሆነላት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 «ኢትዮጲክስ» የተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ሥራ 16ኛውን አልበም ለእሷ ሰጠ። በ2004 መስከረም ላይ ስታርፍ አገር የሚያውቀው ስም ነበራት።

ታዲያ ተሰጥኦ ብቻውን ይህን አይሠራም። ሰው ከፍሎ የሚሰማበት መድረክና ሥራው ላይ የሚጻፍ ስም ያስፈልጋል። በደቡብ ኦሞ የጎደለው ይሄ ነው እንጂ ድምፅ አይደለም። በአካባቢው ብዙ ብሔረሰቦች አሉ፤ የአሪን ዋሽንት በኅብረት ሲነፋ የሰማ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል። ግን ገበያው የሚከፍለው ለካሜራ ለሚያምረው ነው፣ ስለዚህ በየዓመቱ የሚጨምረው ቀለሙና ጌጡ ነው። ወጣቱ ሞኝ አይደለም፣ ክፍያ ወዳለበት ይሄዳል።

«ባህል አይሸጥም» የሚል ይኖራል። እየተሸጠ እኮ ነው! ጥያቄው ማን ይሸጠዋል፣ ምኑስ ይሸጣል ነው። አስኒ ተከፍሏት ስለዘፈነች ክራሯ ባህል መሆኑ አልቀረም።

ሕጉም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ መብት ይሰጣል። ግን ስሙ ያልታወቀ ከዋኝ መብቱን በምን ይጠይቃል?

ስለዚህ የምለው ቀላል ነው። ጂንካ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ሰው ከየወረዳው ይመጣል። ማታውን አንድ አዳራሽ ይከፈት፤ ባህል ቢሮው፣ ጂንካ ዩኒቨርሲቲና ሆቴሎቹ ይተባበሩ። መግቢያ ይከፈል፣ ዘፋኙ በስሙ ይጠራ፣ ከገቢው ድርሻውን እዚያው ይቀበል።

እናንተም ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ዘፋኟን ፈቃድ ጠይቁና ከፈቀደች ስሟን ጻፉ። «የደቡብ ኦሞ ጭፈራ» ብቻ ብላችሁ አትለፉት።