የአምባራስ ፀሐይ ትፈትነው

ስለ ፖሊመር የፀሐይ ሴል ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ «ብቃቱ ከመቶ ስንት ደረሰ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው እንላለን።

ፖሊመር ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ መቻሉን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ያሳዩት ሊቃውንት በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚያ በኋላ ያስቸገረው ነገር ይህ ነበር፤ ብርሃን የሚቀሰቅሰው ኤሌክትሮን ከለቀቀው ቦታ ጋር ተጣምሮ ይቆያል፣ ጥንዱም ዐሥር ናኖሜትር ያህል ሳይርቅ ይጠፋል። ስለዚህ ኤሌክትሮን ተቀባይ የሆነ ሌላ ቁስ ከፖሊመሩ ጋር አጥብቆ ማደባለቅ አስፈለገ። በ1995 ተቀባዩ ፉለሪን ነበር። በ2019 በአዲስ ዓይነት ተቀባይ ብቃቱ ከመቶ 15 አለፈ፤ ዛሬ በላቦራቶሪ ትንንሽ ሴሎች 20 ገደማ ደርሷል።

በዚህ ሥራ አገራችን ተመልካች ብቻ አይደለችም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ለፀሐይ ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን ሠርተዋል። ዶክተር ሽመልስ አድማሴም ከስዊድናዊው ኦሌ ኢንጋናስ ጋር ነገሩን ከአፍሪካ አንጻር የሚመረምር ጽሑፍ በ2014 አሳትመዋል።

ታዲያ የቀረው ግማሽ ጥያቄ ምንድን ነው? «ስንት ዓመት ይኖራል?» የሚለው ነው። ፖሊመርን የሚገድሉት ብርሃን፣ አየርና እርጥበት ናቸው። ከደባርቅ በላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ የምትገኘው አምባራስ ደግሞ አየሯ ስስ ስለሆነ አልትራቫዮሌት ጨረሩ ይበረታል፤ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ሌሊት ውርጩ ያንዘፈዝፋል፣ ክረምቱም ጉም ነው። ከመቶ 20 ሰጥቶ በአንድ ክረምት የሚሞት ሴል፣ ከመቶ 10 ሰጥቶ ዐሥር ዓመት ከሚኖረው ለደገኛው አይሻለውም።

«ሲሊኮን እያለ ምን አደከመን?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፤ ልጅ በኩራዝ ጭስ እንዳያጠና ዛሬውኑ መብራት የሚፈልግ ሰው ሲሊኮኑን ይግዛ። ነገር ግን ፖሊመር እንደ ጋዜጣ በማተሚያ ሊታተም የሚችል ቀላል ነገር ነው። እኛ ከወዲሁ ካላወቅንበት ነገም ገዢዎች ብቻ ሆነን እንቀራለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። መምህራኖቻችን ጥቂት የታሸጉ ናሙናዎችን ያስገኙልን፤ በአምባራስ ጣራ ላይ እንስቀላቸው። የአካባቢው ልጆች የሆንን ተማሪዎች ከበጋ እስከ ክረምት ቮልቱንና አምፔሩን በየሳምንቱ እንመዝግብ። ብቃትን ማሻሻል የሚጀምረው ሴሉ የት፣ መቼና ለምን እንደሚደክም ከማወቅ ነው፤ ይህንንም ለማወቅ ከስሜን የተሻለ መፈተኛ ቦታ አያሻንም።