ለመንገደኛ ዐይን የተሠራ ዕረፍት

በከተሞቻችን አንድ ሐሳብ ያለ ተቀናቃኝ ነግሷል። የደከመ ከተሜ ይረፍ ከተባለ ዋናው መንገድ ዳር ንጣፍ ይነጠፋል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ፋውንቴን ይተከላል፣ ሲመሽ ባለ ቀለም መብራት ይበራል። በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ይህንኑ አሠራር ወደ ክልል ከተሞች ይዞት ወጥቷል። ግልገል በለስ ተራዋ ሲደርስ ይህን ንድፍ እንዳለ እንዳትገለብጥ ነው ይህን የምጽፈው።

ሐቁን አንካድ። አዲስ አበባ ላይ እግረኛው መሄጃ አግኝቷል፤ አመሻሽ ላይ ልጆቹን ይዞ የሚወጣው ሕዝብ ብዛቱ የሚያስደስት ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድን ማን ይጠላል? ችግሩ የሚመጣው ያንኑ የእግረኛ መንገድ «ማረፊያ» ብለን ስንመርቀው ነው። ሲኖትራክ በሚያጓራበት ጠርዝ ላይ ጀርባውን ለአስፋልቱ ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው ከግርግሩ ማምለጥ ቀርቶ የግርግሩ ጌጥ ሆኗል። ወንበሩ የተተከለው በመኪና የሚያልፈው እንግዳና ባለሥልጣን እንዲያየው ነው ብል የሚከራከረኝ ይኖራል፤ ክርክሩን ግን ቀትር ላይ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድርገው።

አጥር ያለው ዓይነትም አለ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የተከፈተው የአንድነት ፓርክ ያን ጊዜ መደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር። ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት ቢከፈል አይገርምም። ከሥራ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ጆሮውን ማሳረፍ የሚፈልግ መምህር ወይም የጉልት ነጋዴ ግን ትኬት ቆርጦ ዝምታ አይገዛም።

ግልገል በለስ የመተከል ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ቆላ ናት፤ ፀሐይዋ አትቻልም። ከቻግኒ ተነሥቶ ወደ ጉባና ወደ ሕዳሴ ግድብ የሚዘልቀው መንገድ በእሷ በኩል ያልፋል። የከባድ መኪናው ድምፅ ሲርቅ የባጃጁ ጡሩምባ ይተካል፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ይቀጥላል፣ ሙዚቃ ቤቱ ስፒከሩን በር ላይ አውጥቶ ይለቀዋል። እንዲህ ያለች ከተማ ውስጥ የመንገድ ዳር መናፈሻ ሁለት ጊዜ ይከሽፋል፤ አንዴ በድምፁ፣ አንዴ በሙቀቱ።

የድምፅ ጠባይ ቀላል ሒሳብ አለው። መኪና ከማይቋረጥበት መንገድ ያለን ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚቀንሰው በ3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው፤ ለጆሮ በግማሽ የቀነሰ እንዲመስል ግን 10 ያህል መውረድ አለበት። ስለዚህ አሥር እርምጃ ገባ ማለት ብዙ አይጠቅምም። «ዛፍ እንተክላለን፣ ዛፉ ይከላከላል» የሚሉም አሉ። አንድ ረድፍ ዛፍ መንገዱን ከዐይን ይጋርዳል እንጂ ድምፁን አያቆምም፤ ለዚያ በአሥር ሜትሮች የሚለካ ጥቅጥቅ ያለ ደን ያስፈልጋል። ድምፅ የሚያቆመው ክፍተት የሌለው ግድግዳ ነው፤ ያውም በተቀማጩና በመንገዱ መካከል ቆሞ ሁለቱ እንዳይተያዩ ሲያደርግ። ዛፍ ሥራው ጥላ መስጠት ነው። በቆላ ከተማ ዘንባባ ተክሎ ፎቶ የሚያነሳ ባለሙያ ጥላን ረስቶታል፤ ማንጎ ወይም ዋርካ ያለበትን ቦታ ለንጣፍ ሲል የሚቆርጥ ደግሞ ሊጠየቅ ይገባል።

ፋውንቴን ወዳጆች ኒውዮርክን ይጠቅሱልኝ ይሆናል። በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተው ፔሊ ፓርክ 400 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያለው በማንሃተን ግርግር መካከል ነው፤ ሰውም እየገባ ያርፍበታል። ምስጢሩ ግን ውኃው ብቻ አይደለም። ቦታው በሦስት ጎን በግድግዳ ተከብቧል፣ ፏፏቴው 6 ሜትር ከፍታ ኖሮት የመንገዱን ድምፅ ይሸፍናል፣ የዛፎቹ ቅርንጫፍ ጣሪያ ሆኗል፣ ወንበሮቹ ስላልተቸነከሩ ሰው ወደፈለገው ያዞራቸዋል፣ መግቢያው በነፃ ነው። እኛ ከዚህ ሁሉ ውኃዋን ብቻ ወስደን አደባባይ መሀል ተከልናት፤ መብራት ሲጠፋም ፓምፑ አብሮ ይቆማል።

ደግሞስ ኒውዮርክ ድረስ ምን አስኬደን? የሐረር ጀጎል ቤት ለጠባቡ መንገድ ጀርባውን፣ ለግቢው ፊቱን ሰጥቶ ከተሠራ ዘመናት አልፈዋል። በራፉን አልፎ የገባ ሰው ሌላ አየር ውስጥ ይገባል። እዚያው መተከልም ለሥራው የሚሆነው ዕቃ ሞልቷል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቆላ ቀርከሃ አገር ነው፤ የጉሙዝ ቤት ግድግዳ ከምን እንደሚሠራ ለነዋሪው አልነግረውም። ቀርከሃ ለብቻው ድምፅ ያሳልፋል። ወፍራም ጭቃ ከተመረገበት ግን ለአንዲት ትንሽ ቦታ በቂ ግድግዳ ይሆናል። አራቱንም ጎን መዝጋት ግን አይቻልም፤ ነፋስ ካልገባ ቦታው ምድጃ ነው። ለመንገዱ ያለውን ጎን ዘግቶ ለነፋሱ ያለውን መክፈት፣ መሀሉን ለነባር ዛፍ መተው ይበቃል። ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለች፣ የአንድ መኖሪያ ግቢ ያህል ስፋት ያላት ቦታ ትበቃለች።

ግልገል በለስን ከሌሎች የሚለያት ሌላ ነገር አለ፤ የዲዛይን ሥዕል ላይ ግን አይታይም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በዞኑ ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ በዚያ ዘመን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የመተከል ሕዝብ ወደ ቻግኒ ተፈናቅሏል። እንዲህ ያለ ነገር ያሳለፈ ሰው ጀርባውን ለክፍት ሜዳ ሰጥቶ አይረጋጋም። ድንገት የሚፈነዳ የሞተር ድምፅ ለእሱ የሞተር ድምፅ ብቻ አይደለም። የሚያርፈው ጀርባው ግድግዳ ሲነካ፣ የሚገባውና የሚወጣው ሰው ሲታየው፣ መውጫውም ከአንድ በላይ ሲሆን ነው። የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ሳይፋጠጡ የሚቀመጡበት ጥላ ለዚህች ከተማ የቅንጦት ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ይህን ማንም የኮሪደር ባለሙያ ከአዲስ አበባ ጭኖ አያመጣላትም፤ ነዋሪውን ጠይቆ ነው የሚሠራው።

ግድግዳውም ቢሆን ስፒከርን አይችልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአገሪቱ የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይላል። ይህ ቁጥር መጠጥ ቤቱንም፣ ማስታወቂያ ነጋሪውንም፣ ልናገረውና፣ ድምፅ ማጉያ ውጭ የሚሰቅሉትን ቤተ እምነቶችም ይመለከታል። ለንጣፍ ገንዘብ የሚያፈላልግ መስተዳድር ምንም ሳያወጣ ማስከበር የሚችለውን ሕግ ትቶ ስለ ዕረፍት ቢሰብከኝ አልቀበለውም።

የግልገል በለስ ምክር ቤት አባላት፣ የመናፈሻ ሥዕል ሲቀርብላችሁ ማታ እንዴት እንደሚያበራ አትጠይቁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጥላው የት እንደሚወድቅ፣ ግድግዳው የትኛውን ድምፅ እንደሚያግድ፣ መግቢያው በነፃ መሆኑን ጠይቁ። አቅራቢው መልስ ካጣ በጀቱን አታጽድቁለት።