አራት ዓይና

በዚህ ሳምንት የማጫውታችሁ ስለ መነጽር ነው። ከእናንተ መካከል መነጽር የሚያደርግ ቢኖር ከዓይኑ ያውርድና ወልውሎ ይከተለኝ፤ የማያደርገውም ዕድሜ ሲገፋ ማድረጉ አይቀርምና አብሮን ይምጣ።

ነገሩን ያመጣችው የእኅቴ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ 12 ነው። ባለፈው ወር የዓይን ሐኪም መርምሮ መነጽር አዘዘላት። እናቷም ጊዜ ሳታጠፋ ገዝታ ሰጠቻት። መነጽሩ ጥቁር፥ ወፍራም፥ ለአንድ ሽማግሌ ዳኛ የሚስማማ ነበር። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት አድርጋው ከቤት ትወጣለች፤ ከመንገዱ ማጠፊያ ስትደርስ ግን አውልቃ ከቦርሳዋ ትከተዋለች። ይህም የታወቀው መምህሯ እናቷን አስጠርተው፥ «ልጅዎ የምትጽፈው ከሰሌዳው አይቶ አይደለም፤ አጠገቧ ከምትቀመጠው ልጅ ደብተር ነው የምትገለብጠው» ባሉ ጊዜ ነው። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ብጠይቃት፥ «ጋሼ፥ አራት ዓይና ይሉኛል» አለችና አለቀሰች።

አሁን ይህን ቃል ተመልከቱት። በኛ አገር አራት ዓይና የሚባለው አራቱን ጉባኤያት፥ ማለት ብሉያትን፥ ሐዲሳትን፥ ሊቃውንትንና መነኮሳትን አውቆ የሚያስተምር የመጻሕፍት መምህር ነው። ከዚህ የበለጠ የዕውቀት ማዕርግ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የእንግሊዝና የአሜሪካ ልጆች ግን መነጽር ያደረገውን ባልንጀራቸውን የሚሰድቡት በዚሁ ቃል ነው። ከፊልም ይምጣ ከሌላ እንጃ፤ ብቻ ስድቡ ባሕር ተሻግሮ ከልጅቱ ክፍል ደርሷል። የአራት ዓይናን ትርጓሜ ባስረዳት ጊዜ አዳመጠችኝ እንጂ አልተጽናናችም። ለካ በ12 ዓመት ዕድሜ የመጻሕፍት መምህር መምሰልም የሚያስደስት ነገር አይደለም!

ስለዚህ አንድ ታሪክ ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን የምቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በኒውዮርክ ከተማ አልቲና ሺናሲ የምትባል በ1907 የተወለደች ሠዓሊ ነበረች። አባቷ ከቱርክ ግዛት ተሰደው በትንባሆ ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። እርሷ ግን በ1930ዎቹ ዓመታት ሥራዬ ብላ የያዘችው የሱቅ መስኮት ማስጌጥን ነበር። አንድ ቀን በመንገድ ስታልፍ ዓይኗ ከአንድ መነጽር ሻጭ መስኮት ላይ ዐረፈ። የተደረደረው መነጽር ሁሉ አንድ መልክ ነው፤ እንደ መድኃኒት ብልቃጥ ተሰልፎ የገዢውን ሕመም ይናገራል። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሴቶች በመነጽር ያፍሩ ነበር። ዶሮቲ ፓርከር የምትባለው ጸሐፊ ወንዶች መነጽር ያደረገችን ልጃገረድ አይከጅሉም ስትል በሁለት ስንኝ ቀልዳ፥ ቀልዱ በሰው ሁሉ አፍ ገብቶ ነበር።

ሺናሲ በቬኒስ በዓል ሰዎች የሚያጠልቁት ጭንብል ትዝ አላት። ጭንብል ፊትን ይሸፍናል፤ ነገር ግን የሚያፍርበት የለም፤ እንዲያውም ያጌጡበታል። እንግዲያውስ መነጽር ለምን እንደዚያ አይሆንም አለችና ወረቀትና መቀስ አንሥታ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ የሾለ ፍሬም ቆረጠች። ይህን ይዛ ከታላላቆቹ አምራቾች ዘንድ ብትሄድ የሚቀበላት አጣች። ማን ይህን ያደርጋል አሏት። በመጨረሻ እጁን የዘረጋላት አንድ ሱቅ ነው፤ በማዲሰን ጎዳና የነበረው ሉጂን የሚባለው መነጽር ቤት። ባለሱቁ ለ6 ወር ከእኔ በቀር ማንም እንዳይሸጠው ብሎ ተዋዋላት። በ1939 ሎርድ ኤንድ ቴይለር የተባለው መደብር ለአሜሪካ ንድፍ አውጪዎች የሚሰጠውን ሽልማት ተቀበለች። በ1950ዎቹ ዓመታት ቅርጹ የድመት ዓይን ተብሎ ከአገር አገር ዞረ። እናቶቻችንና አያቶቻችን ጸጉራቸውን ከፍ አድርገው ከተነሡት ፎቶግራፍ ውስጥ ብትፈልጉ አንዳንዱን ታገኙታላችሁ።

ዛሬ አንድ የመነጽር ሱቅ ከልብስ ንድፍ አውጪ ጋራ ተባብሮ አዲስ መነጽር ሲያወጣ፥ ለዚያም ማታ ግብዣ ደግሶ ሰው ሲጠራ፥ እኔ የማስበው ያንን የ6 ወር ውል ነው።

በሎስ አንጀለስም እንዲሁ በ1979 ጋይ ጌራርዲና ባርባራ ማክሬይኖልድስ የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች ኤል ኤ አይዎርክስ የተባለ ሱቅ በሜልሮዝ ጎዳና ከፈቱ። ሜልሮዝ ፌርፋክስን ያቋርጣል፤ በፌርፋክስ ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ደግሞ በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ ከተሰየመው ሰፈር ይደርሳልና፥ ከአንባቢዎቼ አንዳንዶቹ መንገዱን ሳያውቁት አይቀሩም። ሁለቱ ሴቶች ግሬግ ጎርማን ለተባለው ፎቶግራፍ አንሺ የታወቁ ሰዎችን ፊት እንዲያነሣላቸው ሰጡት። አንዲ ዋርሆልና ግሬስ ጆንስ ሳይቀሩ መነጽራቸውን አድርገው ተነሥተዋል። በለንደን ደግሞ ሊንዳ ፋሮ በ1970 የጀመረችውን የፀሐይ መነጽር ሥራ፥ ልጇ በ2003 ከመጋዘን ያገኘውን ሳይሸጥ የቀረ የድሮ ዕቃ አራግፎ እንደገና አስነሣው፤ ከዚያም እንደ ድሪስ ቫን ኖተን ካሉ የልብስ ንድፍ አውጪዎች ጋራ ተባብሮ ሠራ።

እኔም አንድ ጊዜ በሰው አገር ለእንዲህ ያለ ማታ ተጋብዤ ነበር፤ የሱቁን ስም አልጠራም። ወይን ይቀዳል፥ ሙዚቃ አለ፥ ንድፍ አውጪው ከመካከል ቆሟል። አንዲት ሸጋ ሻጭ መነጽሬን ከዓይኔ ተቀብላ አዲሱን ፍሬም አደረገችልኝና ከመስተዋቱ ፊት አቆመችኝ። አንባቢዎቼ፤ ምንም አላየሁም! ለናሙና የሚቀመጠው ፍሬም ውስጥ ያለው ባዶ ፕላስቲክ ነው፤ እኔ ደግሞ የሩቁን የማላይ ነኝ። ስለዚህ ምን ያህል እንዳማረብኝ የነገረችኝ ሻጯ ብቻ ናት። ዋጋውን ብጠይቅ ደንግጬ የራሴን መነጽር ለመንኩ። ዙሪያዬን ስመለከት ከተጋበዙት ሰዎች የሚበዙት መነጽር ያደረጉት ለማየት ሳይሆን ለመታየት ነበር።

ከዋጋው ውስጥ ምን ያህሉ የስሙ እንደ ሆነ ማወቅም ይገባል። ሊዮናርዶ ዴል ቬኪዮ በሚላኖ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ያደገ ሰው ነው፤ በ1961 በኢጣልያ ተራራማ አገር በአጎርዶ ሉክሶቲካን አቋቋመ። በ1988 ከጆርጆ አርማኒ ጋራ ተዋዋለ። እንዲህ ባለው ውል የልብስ ቤቱ ስሙን ያበድራል፥ ፋብሪካው መነጽሩን ይሠራል፥ ከሽያጩም ለስሙ ድርሻ ይከፈላል። ስለዚህ ትብብር ሲባል ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ንድፍ አውጪ እንደ ሺናሲ መቀስ ይዞ ቅርጹን ያወጣል፤ ሌላው ከመነጽሩ እጀታ ላይ ስሙን አስጽፎ ይሄዳል። እኔ ለፊተኛው እንጂ ለኋለኛው ትርፍ ሳንቲም አልከፍልም።

እንዲያውም ይህን ጽሑፍ ስጀምር ሱቆቹን ሁሉ ልወቅስ ተነሥቼ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መግለጫ ከ2.2 ቢሊዮን የማያንስ ሰው የማየት ችግር እንዳለበት፥ ከዚህም ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ ሊከላከሉት የሚቻል ወይም ሳይታከም የቀረ እንደ ሆነ ተናግሯል። ከእነዚህ ውስጥ 826 ሚሊዮኑ በዕድሜ ምክንያት የቅርቡን ማየት የተሳናቸው ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ተራ የንባብ መነጽር ነው። ይህን እያወቁ ባዶ ፕላስቲክ አድርጎ ወይን የሚጠጣ ሰው ማየት ያናድዳል።

ነገር ግን የእኅቴ ልጅ መነጽር ነበራት፤ የተገዛ፥ የተከፈለበት፥ ለዓይኗ የተለካ መነጽር። ከቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ የጠቀማት ነገር የለም።

ታሪኩን ነግሬያት በወጣሁ በሦስተኛው ቀን እኅቴ ስልክ ደወለች። «አንተ፥ ምን ነግረሃት ነው? የደብተሯን ልባስ በመቀስ ቀዳድዳ ጨረሰችው» አለችኝ። ብሄድ ከመኝታ ቤቷ መስተዋት ፊት ተቀምጣለች፤ ከጠረጴዛው ላይ 7 የወረቀት ፍሬም ተደርድሯል። አንዱን አንሥታ አድርጋ አሳየችኝ፤ ጫፉ ከሺናሲው ይልቅ ዝቅ ያለ ነው። «ጋሼ፥ ያ በጣም ሾሏል፤ የአሮጊት ይመስላል» አለች።

ቅዳሜ ወረቀቱን ይዘን ከመነጽር ቤት ሄድን። ባለሱቁ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አልሳቁባትም። ወረቀቱን ከፊቷ ላይ ለክተው ወደ ጓዳ ገቡና የሚቀርበውን ቀይ ፍሬም አውጥተው ሰጧት። የቀድሞው መስተዋት በአዲሱ ፍሬም ልክ ተቆርጦ ይገባል፤ ዋጋውም ከፈራነው በታች ሆነ። ሐሙስ ይደርሳል ብለውናል። እስከዚያው ድረስ ጥቁሩን እያደረገች ነው፤ እስከ መንገዱ ማጠፊያ ይሁን ወይስ እስከ ክፍሏ፥ አልጠየቅኋትም።