የሞሪሸስ ዘይት፦ ወደብ ላይ የሚወሰን ማዕድ

አንድ ሕዝብ የሚመገበውን የቅባት ዓይነት የሚወስነው የየቤቱ ባልትና ነው የሚለው አስተሳሰብ በትንንሽ የደሴት አገሮች ሲፈተሽ ብዙም አይጸናም። የእነዚህ አገሮች የእርሻ መሬት ጠባብ ከመሆኑም በላይ አብዛኛው ለውጭ ገበያ በሚመረት ሰብል የተያዘ በመሆኑ፣ ዘይቱ ወይም የዘይቱ ጥሬ ዕቃ በመርከብ ይገባል፤ ምርጫውም ድስት ከመጣዱ አስቀድሞ በግዥ ውልና በዋጋ ተመን ላይ ያልቃል። ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኘው፣ እርሻዋን ሸንኮራ አገዳ የዋጠባት ሞሪሸስ ለዚህ ዓይነተኛ ማስረጃ ናት።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ሚሊዮን ያህል የነበረው የደሴቲቱ ነዋሪ በብዛት የሚጠቀመው «የራሽን ዘይት» የሚባለውንና ይዘቱ በመንግሥት የሚወሰነውን ዘይት ነበር። ከሕንድ፣ ከአፍሪካና ከቻይና የመጡ ሕዝቦች ባልትና የተቀላቀለበት የአገሩ ምግብ ዘይት ይወዳል፤ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው ጋቶ ፒማ እንኳ የተዘፈዘፈ ክክ ከቃሪያ ጋር ተፈጭቶ፣ ተድቦልቡሎ፣ ብዙ ዘይት ውስጥ የሚጠበስ ነው። የራሽኑ ዘይት ደግሞ በአመዛኙ የፓልም ዘይት ነበር። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት ነው፤ ይህም ቀዝቀዝ ባለ ቦታ የሚረጋ (ከሸማቾች ሱቅ ዘይት የገዛ የደጋ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል)፣ ሲበዛም በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ የቅባት ዓይነት ነው። በአኩሪ አተር ዘይት ውስጥ ግን የዚህ ቅባት ድርሻ 15 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የሚበዛው ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው፣ ፖሊአንሳቹሬትድ የተሰኘው ቅባት ነው።

መንግሥት በ1987 የራሽኑ ዘይት ሙሉ በሙሉ የአኩሪ አተር እንዲሆን አደረገ። በዚያው ዓመትና በ1992 የተካሄዱት የጤና ጥናቶች ሲነጻጸሩ የሕዝቡ አማካይ የኮሌስትሮል መጠን በሊትር ደም ከ5.5 ወደ 4.7 ሚሊሞል ወርዶ ተገኘ፤ አንድ መድኃኒት ለአንድ ሕመምተኛ ቢያስገኘው የሚያስደስት ውጤት ለአንድ አገር ሕዝብ በአማካይ ተገኘ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ውጤቱን ሁሉ ለዘይቱ መስጠት አይገባም። በዚያው ጊዜ ሰፊ የጤና ዘመቻ ይካሄድ ስለነበር ከወንዶች መካከል የሚያጨሱት ከ58 ወደ 47 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል፤ ተመራማሪዎቹ በቀመር ሲያሰሉም የዘይቱ መለወጥ የሚያስረዳው የቅናሹን ግማሽ ያህል ነው። ይሁንና ይህ ግማሽ ማንም ሰው የምግብ ልማዱን እንዲለውጥ ሳይመከርና ሳይለመን የተገኘ መሆኑ ክብደቱን ከፍ ያደርገዋል።

መንግሥት በዜጋው ድስት ውስጥ ምን አገባው የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበረውም ዘይት በመንግሥት የተመረጠ ነበርና፣ በእንዲህ ያለ ገበያ ጥያቄው መንግሥት ይምረጥ ወይስ አይምረጥ ሳይሆን፣ ሲመርጥ ከዋጋው ሌላ ምን ይመዝናል የሚለው ነው።

የግዥ ውል የማይደርስበት ነገርም አለ። የአንድ ግራም ቅባት ጉልበት፣ ከፓልምም ተጨመቀ ከአኩሪ አተር፣ ያው 9 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ በሞሪሸስም በእነዚያው አምስት ዓመታት ከልክ ያለፈ ውፍረት ጨመረ፣ የስኳር በሽታም አልቀነሰም። የቅባቱን ዓይነት ወደብ ላይ መለወጥ ቢቻልም መጠኑን መቀነስ ሌላ ሥራ ይጠይቃል።

ደሴት ባትሆንም የምግብ ዘይቷን በብዛት ከውጭ የምታስገባውና የፓልም ዘይት በድጎማ ስታከፋፍል የኖረችው ኢትዮጵያ የሞሪሸስን መንገድ ለመሞከር አዲስ ተቋም አያስፈልጋትም። በጨረታ ሰነዱ ላይ ከዋጋውና ከመጠኑ ቀጥሎ በዘይቱ ውስጥ የሳቹሬትድ ቅባት ድርሻ ስንት በመቶ እንዲሆን እንደሚፈለግ ይጻፍ።