ዲስኩ ሳይጣል ፊልሙ ይታይ

እንደሚታወቀው ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች የምንወጣ ዕጩ መምህራን የናሙና ትምህርቶችን ፊልም በስልካችን ይዘን መሄድ እንፈልጋለን። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ከዚህ የተሻለ ረዳት የለም። ዲቪዲ የሚያጫውት ኮምፒውተርም እየጠፋ ስለሆነ ከዲስክ ወደ ፋይል መገልበጡን እንደግፋለን፤ የምንቃወመው አገለባበጡን ነው። ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን ፋይሎች የከፈተ ሁሉ አይቶታል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አይነበብም፤ የመምህርቷ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል፤ ክቡም እንቁላል ሆኗል። ታዲያ በዚህ ጂኦሜትሪ ሊማሩበት ነው?

«ዲስኩ አርጅቶ ነው» የሚሉ አሉ። እስቲ ዲስኩን ራሱን አጫውቱት። እዚያው ቦታ ላይ የሚቆም ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ እውነትም ጭረት ወይም ቆሻሻ ይኖርበታል፤ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ (ዙሪያውን አይደለም) ጠርጎ መሞከር ነው። ዲስኩ ጥርት ብሎ ከታየ ግን ጥፋቱ የአገለባበጡ ነው።

ስሌቱን እንመልከት። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ ባይት ይይዛል። የ2 ሰዓት ፊልም ቢሞላው ለ1 ደቂቃ 39 ሜጋ ባይት ያህል ይደርሳል ማለት ነው። ያም ቢሆን ኤምፔግ 2 በሚባለው ዘዴ አንድ ጊዜ የተጨመቀ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤች 264 ተቀራራቢ ጥራት በግማሽ ያህል መጠን ሊሰጥ ይችላል። በግማሽ እንጂ! የ1 ሰዓቱን ትምህርት በ100 ሜጋ ባይት የጠቀጠቀው ሰው ግን ለደቂቃ 1.7 ሜጋ ባይት ብቻ ነው የተወለት፤ ይኸውም ከ20 እጥፍ በላይ መቀነስ ነው። እንዲህ ሲጠቀጠቅ ቶሎ የሚጠፋው ቀጭኑና ደብዛዛው ነገር፥ ማለትም የጠመኔው ጽሕፈት ነው። ለሠርግ ፊልም ያስኬድ ይሆናል (ሙሽሮቹ ባይስማሙም)፤ ለትምህርት ግን አይሆንም። ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የፋይሉን መጠን ትቶ ጥራቱን መወሰን ይቻላል። ለዲቪዲ ከ18 እስከ 22 ያለው ቁጥር ይመከራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፥ ፋይሉም ይገዝፋል።

የማበጠሪያው ጥርስ ምክንያቱ ሌላ ነው። ለቴሌቪዥን የተቀረጸ ፊልም በሴኮንድ 25 ምስል ሲኖረው ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ምስል ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንደኛው ግማሽ 1ኛ፥ 3ኛ፥ 5ኛ እያለ፥ ሌላው 2ኛ፥ 4ኛ፥ 6ኛ እያለ መስመሮቹን ይይዛል። ሁለቱ የተነሡት በአንድ ሴኮንድ ሃምሳኛ ልዩነት ነው፤ በዚያች ቅጽበት እጅ ቦታውን ይለቃል። ዝም ብሎ ካጣመሯቸው ጥርሱ ፋይሉ ውስጥ ታትሞ ይቀራል። ስለዚህ ከመጨመቁ በፊት ‹ዲኢንተርሌስ› የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል።

እንቁላሉስ? የፓል ዲቪዲ ሰፊውንም ጠባቡንም ምስል 720 በ576 ነጥብ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሲታይ ግን 4 ለ3 የሆነው ወደ 768፥ 16 ለ9 የሆነው ወደ 1024 ስፋት መለጠጥ አለበት። ይህን ሳይጠብቁ መገልበጥ ሰውንም ያቀጥናል ወይም ያወፍራል። ወደ 1080 ማሳደጉም ከንቱ ድካም ነው፤ ዲስኩ ውስጥ ያልነበረ ፊደል ከየት ይመጣል?

ከሁሉ የሚያሳስበን ዲስኮቹ «ተገልብጠዋል» ተብለው ሊጣሉ ነው መባሉ ነው። የተበላሸውን ፋይል እንደገና መጭመቅ አያድነውም፥ ከቀረው ላይ ይቀንሳል እንጂ። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሲላክም ሊጨመቅ ስለሚችል እንደ ፋይል ቢላክ ይሻላል። የጠፋው የጠመኔ መስመር የሚገኘው እዚያው ዲስኩ ላይ ብቻ ነው። በበኩላችን ካርቶኑ እንዲቀመጥ፥ ሥራው ከዲስኮቹ እንደገና እንዲጀመር እንጠይቃለን። ከእያንዳንዱ ዲስክ መጀመሪያ 1 ደቂቃ ብቻ ተገልብጦ በስልክም በትልቅ ስክሪንም ይታይ፤ ትንሿ ስክሪን ብዙ ጉድ ትሸፍናለችና። የሙከራዋም ደቂቃ ርዕሱ ከሚታይበት ሳይሆን መምህርቷ እየተንቀሳቀሰች ከምትጽፍበት ቦታ ትወሰድ።