ከጠብታው በፊት «ችግሩ የት ጋ ነው?»

ዲላ ውስጥ አንድ ሰው «ጆሮዬ አልሰማ አለኝ» ካለ ምክር ወዲያው ይዘንብበታል። አንዱ ዘይት ጠብ አድርግበት ይላል፣ ሌላው ፋርማሲ ገብተህ ጠብታ ግዛ፣ ሶስተኛው ደግሞ ተወው ይለቅሃል። «ችግሩ የት ጋ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም። በኔ እምነት ይሄ ጥያቄ ሳይመለስ ለጆሮ የሚወጣ ብር ሎተሪ እንደመቁረጥ ነው።

እስቲ እንዲህ አስቡት። ከገደብ የተጫነ ቡና አዲስ አበባ ካልደረሰ መኪናው የቆመው ይርጋጨፌ ነው፣ ዲላ ነው ወይስ ሐዋሳ ብለን እናጣራለን። ድምፅም እንደዚሁ መንገድ አለው። በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ይመታል፣ በሶስት ትንንሽ አጥንቶች ያልፋል፣ ውስጠኛው ጆሮ ጋ ሲደርስ ወደ ነርቭ መልእክት ተቀይሮ አንጎል ይገባል። መንገዱ ገና ከመጀመሪያው በኩክ ወይም በመግል ከተዘጋ ብዙ ጊዜ ይታከማል። የተጎዳው ውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ ከሆነ ግን የፋርማሲ ጠብታ ምንም አይፈይድም።

ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው የመጀመሪያ መሣሪያ መብራት እንኳ አይፈልግም። ቱኒንግ ፎርክ የሚባል ሁለት ጣት ያለው የብረት ሹካ ነው። ባለሙያው መትቶ ያስነዝረውና ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ቀጥሎ ጆሮ አጠገብ ይይዘዋል። ጤነኛ ጆሮ በአየር የመጣውን አብልጦ ይሰማል። በአጥንት የመጣው ከበለጠ የሚጠረጠረው የውጭው ወይም የመካከለኛው ጆሮ ነው። ሹካው ግንባር መሃል ሲቀመጥ ደግሞ ድምፁ ወደ ታመመው ጆሮ ካደላ መተላለፊያው፣ ወደ ጤነኛው ካደላ ውስጠኛው ጆሮ ወይም ነርቩ ይጠረጠራል። ሁለቱ ምርመራዎች ሪኔ እና ዌበር ይባላሉ፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቁ ናቸው።

«የአንገት በላይ ሐኪምና የኦዲዮሜትሪ ማሽን በሌለበት ሹካ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሹካ ማሽኑን አይተካም። ማን እዚሁ ታክሞ እንደሚጨርስ፣ ማን ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት ለመለየት ግን ያግዛል። ከቡሌ ወይም ከኮቸሬ ለሚመጣ ገበሬ ይህ ልዩነት የትራንስፖርት፣ የአልጋና የሥራ ቀን ሒሳብ ነው። የአንድ ሰው ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በ3 ቀን ውስጥ መስማት ካቆመ ደግሞ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ችግሩ የውስጠኛው ጆሮ ከሆነ ሕክምናው የሚሻለው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነው። «ኩክ ነው» ተብሎ ጠብታ ይዞ ቤቱ የገባ ሰው ያንን ጊዜ ያጣል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ቁጥር ይወዳል፣ አንድ ልጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርቱ ለጆሮና ለመስማት ሕክምና የሚወጣ 1 ዶላር በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 16 ዶላር ገደማ እንደሚመልስ ገምቷል። እንዲህ ያለ ትርፍ የቱ ቢዝነስ ላይ ይገኛል?

ስለዚህ በጌዴኦ ዞን ባለ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ሹካውና አጠቃቀሙን የሰለጠነ ባለሙያ ይኑር። ኤርፎን ከጆሯችን የማይወርደው እኛም ብንሆን ነገሩ ይመለከተናል፤ ከፍተኛ ድምፅ የሚጎዳው ውስጠኛውን ጆሮ ነው፣ እዚያ የሞተ ሕዋስ ደግሞ አይተካም። ጆሯችሁ ከደከመ ጠብታ ከመግዛታችሁ በፊት ተመርመሩ፣ ባለሙያውንም «ችግሩ የት ጋ ነው?» በሉት።