ለሕፃን አንጀት ስለ መድረስ

በመቄት ወረዳ፣ ከፍላቂት ራቅ ባለ ቆላማ ጎጥ፣ ሕፃን ልጅ ማታ ሆዱን ይዞ ሲጮኽ ያደረ እንደ ሆነ፣ እናቲቱ አስቀድማ ዳማከሴ ጨምቃ ታጠጣዋለች፤ ሲነጋ ግን ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ትውከቱም ሐሞት መስሎ አረንጓዴ ሆኖ ብታየው፣ በጀርባዋ አዝላው ዳገቱን ትወጣለች፤ ጤና ጣቢያውም ሪፈር ጽፎላት፣ የቻይና መንገድ በሚባለው ጎዳና ዳር ቆማ ወደ ወልድያ የሚያደርሳትን መኪና ትጠብቃለች።

በዚያች ሰዓት፣ ሊቃውንት ንዋየ ውስጥ የሚሉት ያ ረጅም አንጀት በራሱ ላይ ተጠምዝዞ፣ ወይም እንደ እጅጌ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ፣ ወይም በወስፋት ጉንጉን ተደፍኖ፣ ደም የሚያደርሱለት ሥሮች ታንቀው ሊሆን ይችላል። ፈጥኖ የደረሰለት ሐኪም ፈትቶ ይመልሰዋል፤ ከዘገየ ግን የጠቆረውን ቆርጦ ከማውጣት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። የተረፈው እጅግ ያጠረ እንደ ሆነም፣ እህሉ በሕፃኑ አፍ ይገባል እንጂ ከሥጋው ጋር አይዋሐድም።

እንዲህ ላለው ሕፃን በባሕር ማዶ ሁለት ጥበብ ተገኘለት። አንደኛው እነ ስታንሊ ዱድሪክ በፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ያሳዩት፣ ሙሉ ምግብን በደም ሥር የመስጠት ብልሃት ነው፤ ዳሩ ግን ዘመኑ ሲረዝም ጉበትን ይጎዳል፣ በቱቦውም በኩል ጀርም ወደ ደም ይገባል። ሁለተኛው አንጀትን ከሌላ ሰው ወስዶ መትከል ነው። ቶማስ ስታርዝል እ.ኤ.አ. በ1987 በፒትስበርግ ከሌሎች የሆድ ዕቃዎች ጋር አንጀት የተከለላት ሕፃን ስድስት ወር ያህል ብቻ ኖረች፤ አንጀት ከኩላሊት ይልቅ ብዙ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳትንና ተሕዋስያንን ተሸክሞ ስለሚመጣ፣ ባዕድ አካል ገብቶ ከባለቤቱ ጋር ሰላም እንዲያወርድ ማድረግ እጅግ አድካሚ ነውና። ይህን ጠብ የሚያበርደው ታክሮሊመስ የተባለው መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ግን ብዙ ሕፃናት በተተከለላቸው አንጀት በልተው አድገዋል።

«ይህ ለኛ አገር አይደለም» የሚሉኝን አልቀበላቸውም። ኩላሊትም እንዲሁ ይባል ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ግን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሕያው ሰጪ የተወሰደ ኩላሊት ተተከለ። ከወላጅም ቢሆን ጥቂት ክንድ አንጀት መውሰድ እንደሚቻል በሌላው ዓለም ታይቷል።

ነገር ግን መሠረቱ የሚጣለው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ እንደ ወልድያ ባለ ሆስፒታል ነው። የተጠመዘዘውን አንጀት በሌሊት የሚፈታው ቀዶ ሐኪም፣ ማደንዘዣ ሰጪው፣ የተዘጋጀው ደም፣ ሕፃን የሚያስታምሙ ነርሶች፣ ነገ ተከላውን የሚሸከሙት እነዚሁ ናቸውና፣ ለነዚህ የሚወጣውን ገንዘብ በከንቱ እንደ ፈሰሰ የሚቆጥር ባለሥልጣን ቢኖር እጅግ ይሳሳታል። አምቡላንሱም ለወላድ እንደሚሮጥ ሁሉ ለሕፃን ሆድ ይሩጥ።

እስከዚያው ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይንገሩልን፦ የሕፃን ትውከት አረንጓዴ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ጠበሉንም ይዛችሁ በዚያው ሌሊት ተነሡ።